ላንድክሩዘር 75፦ የፊት አክስል ኳስ ቀጭን ዘይት ያፈሳል፤ ሲል (ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ብቻ መቀየር ይበቃል?

ኮረኮንች_75

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1996 እ.ኤ.አ. ላንድክሩዘር 75 ሃርድ ቶፕ ነው። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ ናፍታ ነው፤ ፊትም ኋላም ባሌስትራ፣ የፊት ሃቦቹ (ጎማው የሚታሰርባቸው መሀሎች) በእጅ የሚቆለፉ ፍሪ ዊል ናቸው። ችግሩ የፊት ቀኝ እግር ላይ ነው።

ከጎማው ጀርባ ያለው ኳስ፣ ማለት ናክሉ (መሪ ሲጠመዘዝ ከጎማው ጋር የሚዞረው ቤት) የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ታች በኩል ረጥቧል። የሚወጣው ግሪስ ሳይሆን ቀጭን ጥቁር ዘይት ነው። ሲያድር የጎማው ውስጠኛ ጎን መዳፍ በሚያህል ስፋት ይረጥባል። የፊት ዲፈረንሻሉን የመሙያ ቡሽ ፈትቼ ስሞላ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ወሰደ። ጎማውን በክሪክ አንስቼ ላይና ታች ይዤ ስነቀንቀው ትንሽ ሉዝ (ልቅነት) አለ። ሃቦቹን ቆልፌ፣ 4 በ 4 አስገብቼ ጭቃ ላይ መሪውን እስከ ጥግ ስጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ይላል። ግራው እግር ደረቅ ነው።

ጋራዥ የጠየቅኳቸው «ሲሉን ብቻ ቀይረን እንሰጥሃለን» አሉ። እኔ ግቢ ውስጥ ራሴ ልሠራው ነው የማስበው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ክሪክ፣ ሁለት የብረት ስታንድ፣ እስከ 24 ቁጥር ቁልፍና ቡሶላ፣ ቶርክ ሬንችም አለኝ። ጥያቄዬ፦ ሲል ብቻ ይበቃል ወይ? ካልበቃስ ምን ምን ልግዛ፣ ምን ያህል ግሪስና ዘይት? ፈትቶ ለመግጠም ቅደም ተከተሉን የምታውቁ ብትጽፉልኝ።

ቶርኖ_ቤት

አይበቃም። ሲሉ ተጎጂ ነው እንጂ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ጥፋተኛውን ሳታገኝ አዲስ ሲል ብትመታ ክረምቱን አይሻገርም።

አክስሉ ቱቦ ውስጥ የዲፈረንሻል ዘይት አለ። ኳሱ ውስጥ ደግሞ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ሲጠመዘዝም ኃይል የሚያስተላልፈው መታጠፊያ) በግሪስ ተከቦ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚለያቸው በቱቦው ጫፍ ተመትቶ የገባው፣ ዘንጉን ዙሪያውን ያቀፈው የውስጥ ሲል ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይገባና ግሪሱን እንደ ሾርባ ያቀጥነዋል። ከውጭ ኳሱን የሚጠርገው ላስቲክና ፈልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ወፍራም ግሪስ እንዲይዝና አቧራ እንዳይገባ እንጂ ዘይት እንዲያቆም የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ያፈስሳል። በጣትህ ወስደህ አሽትተው፤ የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ ሽታው አይጠፋም።

አሁን ሲሉን ማን ገደለው? መጀመሪያ የምታየው መተንፈሻውን ነው፤ ነፃ ስለሆነና ሁለት ደቂቃ ስለሚፈጅ። አክስሉ ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ቆብ ያላት ቡሽ ናት። ሲሞቅ አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው። ጭቃና አቧራ ከደፈናት ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ፈትተህ በአፍህ ንፋባት፤ ካላስተላለፈች ግማሹን መልስ አግኝተሃል። የተገላቢጦሹም አለ። የሞቀ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ይኮማተራል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ ውሃውን በሲሎቹ በኩል ይስባል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ስታፈስ ወተት ከመሰለ ይህ ነው የደረሰው።

ቀጥሎ ሉዙ። ላይና ታች ይዘህ ስትነቀንቅ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝልህ። ፍሬን ሲያዝ ሃቡ በዲስኩና በካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን በሚጨብጠው) በኩል ከናክሉ ጋር አንድ ይሆናል። ሉዙ ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ የፔርኖ ኩሽኔታ ነው፤ ናክሉ ከላይና ከታች የሚዞርባቸው ሁለቱ ትንንሽ ኩሽኔታዎች ማለቴ ነው። እነሱ ሲያልቁ ናክሉ ይወርዳል፣ ዘንጉም ከሲሉ መሀል ይወጣና አንዱን ወገን ብቻ እየፈጨ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎቹን) ተመልከት፤ እዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገቡም።

ሦስተኛው ስፒንድል (ሃቡ የሚዞርበት ውስጡ ክፍት ዘንግ) ውስጥ ያለው የነሐስ ቡሽ፣ ማለት እጅጌ ነው። የሲቪውን የውጭ እግር የሚደግፈው እሱ ነው፤ ሲያልቅ ዘንጉ ሁሉ ይወዛወዛል። አራተኛው ዘንጉ ራሱ፤ ሲሉ የሚነካበት ቦታ ቦይ ቆፍሮ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ካልተፈታ አይታዩም።

ቀጭ ቀጭ የሚለው ሲቪው ነው። ግሪሱ ታጥቦ በዘይት ብቻ ሲሠራ ስለቆየ ውስጡ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች የሚሄዱበትን ጎድጓዳ በልተውታል። ይህን ከፈታህ በኋላ እናየዋለን።

ሰብለ_ናፍታ

ጋሼ ቶርኖ ምርመራውን ጨርሰውታል፤ እኔ ወደ ሥራው ልግባ። ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ ሥራ። ግራው ደረቅ ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ኳሱ ውስጥ ግሪስ ካለቀም ደረቅ ነው።

የምትገዛው ለሁለቱ እግሮች፦ የናክል ኪት 2 (ውስጡ የውስጥ ሲል፣ የኳስ መጥረጊያ ላስቲክ፣ ፈልት፣ የብረት ቀለበትና ጓርኒሲዮኖች መኖራቸውን ከፍተህ ቁጠር)፣ የፔርኖ ኩሽኔታ ከነቆዳው (ኩሽኔታው የሚዞርበት የብረት ቀለበት) 4፣ የሃብ ሲል 2፣ የዳዶ መቆለፊያ ጥርስ ያላት ሮንዴላ 2። የጎማ ኩሽኔታዎቹን አሁን አትግዛ፤ አጥበህ ካየህ በኋላ። ሞሊብዲነም ያለበት 2 ቁጥር ግሪስ 1.5 ኪሎ፣ ለጎማ ኩሽኔታ ተራ የሊትየም 2 ቁጥር ግሪስ ግማሽ ኪሎ። የዲፈረንሻል ዘይት 85ደብሊው 90 ጂኤል 5፣ 4 ሊትር ያዝ፤ ወደ 3 ሊትር ይገባል፣ ቀሪው ለማጠቢያና ለመሙላት ነው። ለማጠቢያ ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ 5 ሊትር። ጨርቅ ከምትገምተው እጥፍ አዘጋጅ፤ ይህ መኪና ላይ ካሉ ሥራዎች ሁሉ ቆሻሻው ይህ ነው።

መሣሪያ በኩል የሚጎድልህ 54 ቁጥር ቡሶላ ነው። የሃቡ ትልቅ ዳዶ በእሱ ነው የሚፈታው። በመሮና በመዶሻ እየመቱ የሚፈቱ አሉ፤ ዳዶው ጠርዙ ይበላል፣ ሲጠብቅም ልኩን አታውቀውም። ቡሶላው ከሌለ ሥራውን አትጀምር። ከዚህ ሌላ ከነሐስ የተሠራ መምቻ ዘንግ፣ የስናፕ ሪንግ ፒንሳና ዕቃ የሚመዝን የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ያስፈልግሃል።

ሲፈታ፦

የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ቆልፍ፣ አክስሉን አንስተህ በስታንድ አስቀምጥ። በክሪክ ብቻ ተማምነህ ሥር እንዳትገባ። የዲፈረንሻሉን ዘይት መጀመሪያ አፍስስ፤ ካልፈሰሰ ዘንጉን ስትስብ በቱቦው በኩል ወለሉ ላይ ይወርዳል። የማፍሰሻውን ቡሽ ከመፍታትህ በፊት የመሙያው ቡሽ መፈታቱን አረጋግጥ። ስንቱ ዘይቱን አፍስሶ የመሙያው ቡሽ አልፈታ ብሎት ቀርቷል።

ካሊፐሩን ፍታና በሽቦ ባሌስትራው ላይ አንጠልጥለው። የፍሬን ቱቦውን አትክፈት፣ በቱቦውም አታንጠልጥለው። የፍሪ ዊሉን ክዳን አውጣ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ስናፕ ሪንግ በፒንሳ አንሳ። ከዚያ የሃቡን ስድስት ዳዶዎች ፍታ። ዳዶዎቹ ሥር የሾጠጠች ቀለበት አለች፤ ካልወጣች ሃቡ አይላቀቅም። ዳዶውን በጥቂት ጥርስ ብቻ መልስና የፕሪጆኒየሩን (ዳዶው የሚገባበትን የቆመ ብሎን) ጫፍ ሳይሆን የሃቡን ግንባር በነሐስ ዘንግ ጠንከር አድርገህ ምታ፤ ቀለበቷ ራሷ ትዘላለች። ፕሪጆኒየሩን በብረት መዶሻ ከመታኸው ጥርሱ ይጎዳል።

የመቆለፊያዋን ጥርስ አቅና፣ ሁለቱን ትልልቅ ዳዶዎች በ54 ፍታ፣ ሃቡን ከነዲስኩ ሳብ። የውጪው ኩሽኔታ እንዳይወድቅ በአውራ ጣትህ ደግፈው። ቀጥሎ የስፒንድሉን 8 ብሎኖች ፍታ፤ ስፒንድሉ ከተጣበቀ በነሐስ ዙሪያውን ምታው። አሁን ዘንጉን ከነሲቪው ቀስ ብለህ ጎትት። የግራና የቀኙ ዘንግ ርዝመት ስለሚለያይ ምልክት አድርግ።

ከናክሉ ጀርባ መጥረጊያውን የያዘውን ሰሌዳ ትንንሽ ብሎኖች በ10 ቁጥር ፍታ። ቴስቲናውን ከመሪው ክንድ ለይ። ከዚያ የላይና የታች ክንዶቹን ዳዶ ፍታ፤ እነዚህም የሾጠጡ ቀለበቶች አሏቸው፣ በዚያው ዘዴ ነው የሚወጡት። ክዳኖቹ ሥር ቀጫጭን ሺሞች (ልክ የሚያስተካክሉ ስስ ብረቶች) አሉ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች፣ የቀኙን ከግራው ሳትቀላቅል በየላስቲኩ አስቀምጥ። ይህን ካደበላለቅህ ናክሉ ከቱቦው መሀል ይወጣና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የውስጡን ሲል አውጣ፤ ቱቦው የውስጥ ግድግዳ ላይ ጭረት እንዳታደርስ። ከዚያ ሁሉንም እጠብ፣ አድርቅ፣ ተመልከት። ስታጥብ ያየኸውን ጻፍልን፤ ሲገጠም የሚለወጥ ነገር ስላለ።

ዋልካ

ይህን ያህል ሳይፈታ የሚያዘልቅ መንገድ አለ። ናክሉ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ጭንቅላት ያላት ትንሽ የግሪስ መሙያ ቡሽ አለች፤ እሷን ከፍቶ ወፍራም ግሪስ መጫን ነው። ዘይቱን ደግሞ በ140 ቁጥር መተካት፤ ቶሎ አይፈስም። ብዙ ሰው በዚህ ዓመት ይነዳል።

ሰብለ_ናፍታ

ዋልካ፣ ዓመት ይነዳ ይሆናል፤ ግን ምኑን እየበላ? ያልፈሰሰው ዘይት በስፒንድሉ በኩል ወደ ሃቡ ያልፋል፣ የጎማ ኩሽኔታውን ግሪስ ያጥበዋል፣ መጨረሻ ላይ ዲስክና የፍሬን ሸራ ይነካል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ተጠርጎ አይድንም፤ መኪናውን ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። በሌላ በኩል ኳሱን ከልክ በላይ በግሪስ ከጠቀጠቅከው ሲሞቅ መሄጃ ያጣና የውስጡን ሲል ከወዲያኛው ወገን ይገፋዋል። መንገድ ላይ ከቀረ እስከ ቤት ለመድረስ እሺ፤ ከዚያ በላይ አልመክርም። ይህ ሰው ደግሞ ሉዝም ድምፅም አለበት።

140ውን በተመለከተ፦ የፊት ዲፈረንሻል ላይ ሌላ ጉዳት አላውቅበትም፤ ግን የደጋ ብርድ ላይ ጠዋት ሃብ ቆልፎ ለሚነሳ በጣም ይከብዳል። ካምቢዮ ውስጥ ግን እንዳይገባ።

ኮረኮንች_75

አመሰግናለሁ ጋሼ ቶርኖ፣ አመሰግናለሁ ሰብለ። ሁለቱም እግር ተፈቷል። ያገኘሁት ይህን ነው።

መተንፈሻው ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። የቀኙ ፔርኖ የታች ኩሽኔታ ቆዳው ላይ የጥርስ ምልክት የሚመስሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ናክሉ መሀል ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የመያዝ ስሜት ነበረው። የስፒንድሉ ቡሽ በቀኝ በኩል አልቋል፤ ሲቪው ገብቶ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። ዘንጉ ላይ ሲሉ የሚነካበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አለ። የቀኙ ሲቪ ጎድጓዳዎች በአንድ ወገናቸው ተልጠዋል፣ በሌላው ወገን ግን ያብረቀርቃሉ። ግራው እግር ግሪሱ እንደ ሳሙና ደርቋል፤ ሲቪው ደህና ይመስላል። የጎማ ኩሽኔታዎቹ ሁሉም ንጹሕ ናቸው። የቀኙ ኳስ ላይ ታች በኩል ትንንሽ የዝገት ጉድጓዶች አሉ።

ዘንግ አዲስ መግዛት ግድ ነው? ሲቪውስ?

ቶርኖ_ቤት

ጎበዝ፣ በደንብ አይተኸዋል። ናክሉ መሀል ላይ የሚይዘው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲነዳ ኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ስለሚመታ ነው፤ ቆዳውን እዚያው ቦታ ላይ ይቀረጽበታል። መሪው ራሱ ወደ መሀል እንደመመለስ ሊል ሲገባው እዚያ ቦታ ሲደርስ ይነክሳል። አራቱንም ቀይር።

ዘንግ አትግዛ። ቦዩ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ አዲሱን ሲል ከአሮጌው ቦታ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አስቀርተህ ምታው፤ ከንፈሩ ያልተነካ ብረት ላይ ያርፋል። ቱቦው ለዚህ የሚሆን ጥልቀት አለው፤ ግን ሲሉ ዙሪያውን እኩል መግባቱን በካሊፐር መለኪያ አራት ቦታ ለካ። የተንጋደደ ሲል ከአሮጌው ይብሳል። ቦዩ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ቶርኖ ቤት ቀጭን የብረት እጅጌ ያለብሱልሃል። ሲገጠም ስፕሪንግ ያለው ወገን ወደ ዲፈረንሻሉ፣ ማለት ወደ ዘይቱ ይዙር። ከንፈሩን ግሪስ ቀባው፤ በደረቁ ከጀመረ የመጀመሪያዋ ኪሎ ሜትር ታቃጥለዋለች።

የስፒንድሉን ቡሽ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይቀርጹልሃል። ስፒንድሉንም ሲቪውንም ይዘህ ሂድ፤ ልኩ ከሁለቱ ነው የሚወጣው። ውስጡ የግሪስ ቦይ እንዲቆርጡበት ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ልሙጥ አድርገው ይሰጡሃል።

ሲቪው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ዕድል አለህ። ወደ ፊት ስትነዳ ኃይሉ የሚያርፈው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው። የቀኙን ሲቪ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ብታዛውር ያልተበላው ወገን ሥራውን ይጀምራል። የውስጥ ዘንጎቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በየቦታቸው ይቆያሉ፤ የሚዛወረው ሲቪው ብቻ ነው። ዘንጉን በማሰሪያ ያዝና የሲቪውን የውስጥ ኮከብ ጠርዝ በነሐስ ዘንግ ምታው፤ ውስጡ ያለችው የሽቦ ቀለበት ትሰበሰብና ይወጣል። ቀለበቷን በአዲስ ተካት። ኳሶቹን የያዘው ጎጆ ላይ የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ ካየህ ግን ማዛወር የለም፤ ጣለው። ጎጆው የሚሰነጠቀው መሪው ጥግ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሲረገጥ ነው፣ ያኔ ሲሰበር ናክሉን ይቆልፈዋል።

የኳሱ ዝገት፦ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት 400 ከዚያ 600 ቁጥር በናፍታ እያረጠብክ አለስልሰው። ጉድጓዶቹን ሁለት የሚቀላቀል የብረት ማጣበቂያ ሞልተህ ሲደርቅ አስተካክል። ሳትሞላ ከገጠምከው እያንዳንዱ ጉድጓድ አዲሱን ላስቲክ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

የፔርኖውን ጥብቀት እንዲህ ለካ። ዘንጉም መጥረጊያውም ሳይገባ ናክሉን ከነአዲሶቹ ኩሽኔታዎችና ከነድሮ ሺሞቹ ግጠም። ክንዶቹን 96 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቅ፤ የሾጠጡት ቀለበቶች ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ። ናክሉን ጥቂት ጊዜ ግራ ቀኝ አዙር፣ ከዚያ የስፕሪንግ ሚዛኑን ክንዱ ላይ ቴስቲናው በሚገባበት ቀዳዳ አስገብተህ ቀጥ ባለ ማዕዘን ጎትት። መዞር ከጀመረ በኋላ የሚያሳየውን አንብብ፤ ሲነሳ የሚያሳየው ሁልጊዜ ይበልጣል። ልኩ በዓመትና በሞዴል ስለሚለያይ ከመኪናህ መመሪያ መጽሐፍ ጋር አስተያይ። ልል ከሆነ ሺም ቀንስ፣ ከጠበቀ ጨምር። ቅናሹን ከላይና ከታች እኩል አካፍለው፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከቀነስህ ናክሉ ከመሀል ይወጣል።

ሰብለ_ናፍታ

መግጠሙ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳትባቸውን ብቻ ልጨምር።

የኩሽኔታዎቹን አዲስ ቆዳ ስትመታ አሮጌውን ቆዳ እንደ መምቻ ተጠቀም፤ ግን መጀመሪያ በዲስክ መቁረጫ አንድ ቦታ ሰንጥቀው። ካልሰነጠቅኸው እሱም ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ማውጣቱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

የኳስ መጥረጊያው ቅደም ተከተል ናክሉ ከመገጠሙ በፊት በቱቦው ላይ መግባት አለበት፦ መጀመሪያ የብረት ቀለበቱ፣ ላስቲኩ፣ ከዚያ ፈልቱ፤ ግሪስ በልቶ ይጠግብ። ናክሉን ገጥመህ ከጨረስክ በኋላ ቀለበቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካየኸው እንደገና ፍታ ማለት ነው። ጥብቀቱን ስትለካ በቱቦው ላይ ወደ ኋላ ገፍተህ አቆየው፣ ኳሱን እንዳይነካ።

ሲቪውን በሞሊብዲነም ግሪስ በእጅህ ጠቅጥቀው፤ በኳሶቹ መሀል ከወዲያኛው ወገን እስኪወጣ። ዘንጉን ስታስገባ በእጅህ እያነሳህ መሀል መሀሉን ይሂድ። ክብደቱን ሲሉ ላይ ካሳረፍክ የዘንጉ ጥርሶች ከንፈሩን ይቆርጡታል። «አዲስ ሲል ገጥሜ በሳምንቱ ፈሰሰ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህች ቅጽበት ነው የሚመጣው። ጥርሶቹን በዲፈረንሻሉ ለማስገባት ዘንጉን ቀስ ብለህ አዙር፤ አትምታው።

ከዚያ ኳሱን ሦስት አራተኛ ያህል በግሪስ ሙላ። አንዱን አራተኛ ባዶ ተው። የስፒንድል ብሎኖቹ 47 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ በተሻጋሪ እያጠበቅህ።

የጎማ ኩሽኔታ፦ ግሪሱን ከሰፊው ወገን እየጫንክ በጠባቡ እስኪወጣ ሙላው። ውስጠኛውን ዳዶ መጀመሪያ 59 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ ሃቡን ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ አዙር፣ ፍታው፣ እንደገና በትንሹ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር መልሰው። የስፕሪንግ ሚዛኑን የጎማ ፕሪጆኒየር ላይ አስረህ ጎትት፤ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ተኩል መሀል ሲዞር ልክ ነው። ያኔ የመቆለፊያዋን ሮንዴላ አስገባ፣ የውጪውን ዳዶ 64 ገደማ አጥብቅ። ይህ ሲጠብቅ ውስጠኛውን ጨምቆ ልኩን ስለሚለውጠው ድጋሚ ለካ። ከዚያ የሮንዴላዋን አንዱን ጥርስ ወደ ውስጠኛው፣ ሌላውን ወደ ውጪኛው ዳዶ እጠፍ።

ፍሪ ዊሉን ከመግጠምህ በፊት የዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው የተጠረበ ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገባና ዘንጉን ወደ ውጭ ሳበው፤ አለዚያ የስናፕ ሪንጉ ቦይ አይታይም። ብዙ ሰው ስናፕ ሪንጉ አልገባ ሲለው «ጠበበ» ብሎ ይተወዋል። ስናፕ ሪንግ ከሌለው ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቪው ናክሉን ይፈጫል።

ከሻርጃ

መለዋወጫ ስትገዙ የሚያጋጥም ስህተት፦ 75ቱ ፊቱ ባሌስትራና ጎማው ባለ 6 ብሎን ነው፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡት 78 እና 79 ግን ፊታቸው ስፕሪንግ፣ ጎማቸውም ባለ 5 ብሎን ነው። ሻጩ «ያው ሃርድ ቶፕ ነው» ብሎ የአዲሱን ኪት ይሰጥሃል። ሲሉ ቱቦው ውስጥ ይገባ ይሆናል፣ ሌላው ግን አይሆንም። የሻንሲ ቁጥሩንና አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድ።

ሶማሌ ተራም ሆነ እዚህ ሻርጃ ያገለገለ ሲቪ የምትገዛ ከሆነ ሳይታጠብ አትክፈል። ግሪስ ሁሉንም ይሸፍናል። ታጥቦ ኳሶቹ የሚሄዱበትን ጎድጓዳ በጥፍርህ ፈትሽ፤ ጥፍርህ ደረጃ ካገኘ ያንተው ይሻላል። ኩሽኔታ ስትገዛ ደግሞ የካርቶኑን ሳይሆን የብረቱን ጽሑፍ ተመልከት፤ የፎርጅዱ ፊደል ቀለም ይመስላል፣ በነጭ ጋዝ ስትጠርገው ይደበዝዛል። ኦርጅናሉ የተቀረጸ ስለሆነ አይለቅም።

ኮረኮንች_75

ሺሞቹን አስተካክዬ ሁለቱም ተገጥሟል፣ ሲቪዎቹን አዛውሬያለሁ። መተንፈሻውን ብቻ አጽድቼ ልተወው ወይስ ሌላ ነገር ላድርግ? ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላስ ልየው?

ቶርኖ_ቤት

መተንፈሻዋን አውጣና በቦታዋ ቱቦ የሚገባበት ኒፕል ግጠም። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ናፍታ የማይበላው ላስቲክ ቱቦ አስገብተህ እስከ ኮፋኖ ሥር፣ ከባትሪው ከፍ ብሎ አድርሰው። ጫፉን ወደ ታች አጉብጠህ ትንሽ የነዳጅ ማጣሪያ አድርግበት። መሪው ሲጠመዝዝና ባሌስትራው ሲወርድ እንዳይሳብ ርዝመቱን አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ለካው። የኋላውንም አብረህ ሥራው፤ ወንዝ ሲገቡ እሱም ይጠልቃል።

500 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት ነገር ተመልከት። የመሪ ክንዶቹን ዳዶ በቶርክ ሬንች ድገም፤ የሾጠጡት ቀለበቶች እየተቀመጡ ሲሄዱ ዳዶው ይላላል፣ ከላላ ደግሞ ፕሪጆኒየሮቹ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። ሁለተኛ ጎማውን አንስተህ ላይና ታች ነቅንቀው። ሃቡን በእጅህ ንካው፤ ከረጅም መንገድ በኋላ ለብ ማለቱ ልክ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ዳዶው ጠብቋል።

የኳሱ ውጭ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስስ የግሪስ ፊልም ታያለህ። ያ ፈልቱ እየሠራ ነው፣ አትደንግጥ፤ አትጥረገውም።

ሰብለ_ናፍታ

አንድ ነገር ብቻ። ክረምት ካልሆነ ሃብህን ለወራት ስለማትቆልፈው የፊት ዲፈረንሻሉና ዘንጎቹ ቆመው ይቀራሉ፤ ከላይ ያለው ዘይት ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲሉም ደርቆ ዘንጉ ላይ ይጣበቃል። በወር አንድ ጊዜ ሃቦቹን ቆልፈህ፣ ማንሻውን ግን 2 በ 4 ላይ ትተህ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ንዳ። በዚህ ሁኔታ አስፋልት ላይ መንዳት ምንም አያደርገውም። 4 በ 4 አስገብተህ ደረቅ አስፋልት ላይ ከነዳህ ግን የፊትና የኋላው አክስል ስለማይለያዩ ይጠማዘዛሉ፣ ማንሻውም አልወጣ ይልሃል። ያኔ አታስገድደው፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ንዳ፣ ይለቃል።